ሥነ ምግባር ቢሾፍቱ ሄዳለች

ሰሞኑን አንዲት ማኅተም ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የየራሳችሁን ሙሉበት። መስኮቱ ዝግ ነው። ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሳ «ጋሼ፣ ስልጠና ላይ ናቸው፤ ሰኞ ብቅ ይበሉ» አለኝ። የምን ስልጠና ብለው፣ «የሥነ ምግባርና የቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ። ቢሾፍቱ ናቸው» ብሎ በኩራት መለሰልኝ። ከተዘጋው መስኮት በላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል። ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያሉ ይወርዳሉ። አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ጊዜ ነበረኝ።

ይህን አሠራር የሚያማ ሰው የሥነ ምግባርን ጠባይ አያውቅም። ሥነ ምግባር አዲስ አበባ ላይ አይበቅልም፤ ደጋው አይስማማውም። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ሆራን ወይም ባቦጋያን እያዩ፣ ያውም ከቁርስ በኋላ ካልሆነ ሐቀኝነት ሰው ውስጥ ዘልቆ አይገባም። ወቅትም አለው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሥነ ምግባር በግንቦትና በሰኔ ያፈራል፤ በመስከረም ያማረው ተገልጋይ ይታገሥ።

ትዕግሥት ደግሞ አላነሰንም። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም የተወለደ ልጅ ዛሬ ተመርቆ፣ ተቀጥሮ፣ ምናልባት ያው መስኮት ጀርባ ተቀምጧል። እሱ ባደገበት ዘመን አሠራር ያሻሽላል እየተባለ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን በ«ማ» የሚጀምሩ አምስት ትእዛዞቹን አስከትሎ መጣ። ሁሉም አዳራሽ፣ ባነርና የሻይ ሰዓት ነበራቸው። አባቶቻችን ግን ምስኪኖች «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከምትል አንዲት ትምህርት በቀር የሠለጠኑት ነገር አልነበረም። ያለ አበል፣ ያለ ምስክር ወረቀት አገሩን ሁሉ ያዳረሰች ስልጠና ብትኖር እሷ ናት፤ እስካሁንም ማደሻ አላስፈለጋትም።

አንድ ጉድለት ብቻ ይታየኛል፤ ባለሙያው ቢሾፍቱ ሲወርድ ባለጉዳዩ ከተማ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባለጉዳዩም ይከተል። ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቱ «ማኅተም! ፊርማ! ቢሾፍቱ የሞላ!» እያለ ይጭናል። ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጃንጥላቸውን ስልጠናው ያለበት ሆቴል በር ላይ ይተክላሉ። ከጎናቸው ፎቶ ኮፒ፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን ሐይቁን ከኋላ አድርጎ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ፣ ከልጁ ጎን «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ይሰለፋሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሻይ እረፍት ሲታወጅ አገልግሎት ይጀምራል። ባለሙያው በግራ እጁ ሳምቡሳ ይዞ በቀኙ ይፈርማል፤ የአንዱ ባለጉዳይ የይዞታ ካርታ ላይ ጠብ ያለችው ዘይት የሰነዱን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ሆና ትያዛለች። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ዋና ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው «ያንተ ፋይል ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር» ይላሉ፤ አዲስ አበባ ሳሉ ጠፍቷል ያሉት ፋይል ነው፤ ውኃው አስታወሳቸው። «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ሊያወጣ የወረደ ጎረምሳ ደግሞ ሰልፉ ላይ ከፊቱ ከቆመች ልጅ ጋር ይተዋወቃል፤ ስልጠናው በሁለተኛ ዙር ስለሚራዘም ተራው ሲደርስ ማስረጃው አይገባውም፤ ወደ ጋብቻ መስኮት ያዛውሩታል። ከከተማ የመጣው ሕዝብ ማደሪያ ስለሚያጣ ሆቴሎቹ የወረፋ አልጋ ያከራያሉ፤ ሌሊት በተራ ይተኛሉ፤ ቀን በተራ ይሰለፋሉ። አዲስ አበባ ባዶ የቀረው ሕንፃስ? እሱም አይባክንም። የቢሾፍቱ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች በገዛ ከተማቸው ሥነ ምግባር ሊገባቸው ስለማይችል፣ በአበል ወደ አዲስ አበባ መጥተው እዚያ ይሠለጥናሉ። የእነሱ ባለጉዳዮችም ይከተሏቸዋል። መንገድ ላይ ሁለቱ ሰልፎች ይተላለፋሉ፤ ፈጣኑ መንገድም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረውን ገበያ ያገኛል።

የስልጠናውን ቦርሳ፣ የማስታወሻ ደብተሩንና የቡድን ፎቶውን ጥቅም አልዘረዝርም። የስም መቆጣጠሪያው ላይ የቀረ ጓደኛን ወክሎ መፈረም የወንድማማችነት እሴትን እንደሚያጠናክር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

የዚያን ዕለት ከእኔ ኋላ አንዲት እናት ነበሩ። የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ ወረቀት ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው ይዘዋል፤ የመጡት በሁለት ታክሲ ነው። «እሰይ፣ ይሠልጥኑልን» አሉ፤ ሲያሽሟጥጡ ይሁን ከልባቸው እግዜር ይወቅ። እሳቸውን ወደ ቤት ለመመለስ ስንት መርሆ ተጣሰ? አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መስኮቱ ላይ ትታችሁ ብትሄዱ ምን ትሆናላችሁ? ስልጠናውስ ምን ሊነግር ነው? ጉቦ የሚቀበል ሰው ነውር መሆኑን የሚነግረው አጥቶ አይደለም የሚቀበለው። ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው መጀመሪያ በሩን የሚዘጋው። የጎደለው እውቀት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ጠያቂ አለቃ ሲኖር እንጂ ፍሊፕ ቻርት ላይ በቀይ እስክርቢቶ ስለተጻፈ አይመጣም።

ይቅርታ፣ ስልጠናውን እያመሰገንኩ ነበር። ውጤቱ ያጠራጠረው ካለ፣ ከዚህ ዓይነቱ ስልጠና የተመለሰ ወዳጄ የነገረኝን ላካፍለው። በመጨረሻው ቀን ከምሳ በፊት ተሳታፊዎቹ ተፈተኑ፤ 12ቱን መርሆዎች በቃል እንዲጽፉ ነበር ጥያቄው። አውቶቡሱ ደርሶ ክላክስ ያደርጋል። ከፊት የተቀመጠው ቀድሞ ጻፈ፣ ቀጥሎ ያለው ከእሱ አየ፣ የኋላው ከዚያኛው። የፊተኛው ቸኩሎ ሐቀኝነትን ሁለት ጊዜ ጽፎት ኖሮ፣ በአዳራሹ ውስጥ በነበረው ወረቀት ሁሉ ላይ ሐቀኝነት ሁለት ሁለት ጊዜ ተገኘ። አሠልጣኙ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጡ።