ለሮብ ገበያ ቅቤ ቀማሽ ይፈለጋል

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ምሥራቅ ጎጃም ቆጣሪዎቹን ብዙ አላደከመቻቸውም። ሃይማኖትዎ ምንድን ነው ሲባል ከመቶው 97.4 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ሁለት ተኩል የሚያህሉት ደግሞ ሙስሊም ሆነው ተመዘገቡ። የቀረው ፍርፋሪ ከሺህ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፤ እሱኑም ጴንጤው፣ ካቶሊኩና ሌላው ይሻሙበታል። ሰውን ሁሉ ለየብቻ መጠየቅም አላስፈለገም። አባወራው ደጃፉ ላይ ቆሞ ለራሱም፣ ለሚስቱም፣ ለአማቱም፣ አስኳላ ገብቶ ጠባዩ ለተለወጠው ልጁም በአንድ ትንፋሽ መልሶ ወደ ሥራው ተመለሰ። የቼክ ሪፐብሊክ ሰዎችን ተመልከቱ። በዚያ ሁሉ ሀብትና ትምህርት፣ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ብዙዎቹ ሃይማኖት የለንም እያሉ አገራቸውን ያሳጣሉ። የእኛ አባወራ ግን የስምንት ሰው ልብ መርምሮ ለመጨረስ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሮብ ገበያ የዚህ የተባረከ ቁጥር አካል ናት። የሲናን ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ትገኛለች። ድንቿና ገብሷ የታወቀ ነው፤ ብርዱም ጋቢ ያስደርባል። ገበያዋ በስሟ እንደተነገረው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው፤ አባቶች እንደሚያስተምሩት የጌታ ሞት የተመከረበት፣ ይሁዳም በሠላሳ ብር የተስማማበት ቀን ነውና። ያ ዋጋ የተቆረጠበትን ቀን ለዋጋ መቁረጫ የመረጠ ሰው ሽሙጥ የሚያውቅ ጎጃሜ መሆን አለበት።

ታዲያ እዚህ አገር ሳያምኑ መኖር ይቻላል ወይ? እንዴት አይቻልም! ለከሃዲ እንደ ሮብ ገበያ የተመቸ አገር የት ይገኛል? ፈጣሪ አለ ብለህ ታምናለህ ወይ የሚል ጥያቄ ከተወለድህ እስክትሞት አንድም ሰው አያነሣብህም። የሚጠየቀው ሌላ ነው።

እንበል፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ የሒሳብ መምህር ሮብ ገበያ ተመደበ። ካነበበውም፣ ሌሊት ሌሊት ካሰበውም ተነሥቶ እግዜር የለም ብሎ ደምድሟል። ምን ያድርግ? መጀመሪያ ጥቁር ክር ገዝቶ አንገቱ ላይ ይሰር። ክር ርካሽ ነው፤ ማተብ ያላሰረ ሰው ግን ዱቤ አያገኝም። ቀጥሎ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ይጠብቅ፤ ባይጠብቅም በሩን ይዝጋ። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ይሳለም፤ በልቡ የማባዣ ሰንጠረዥ ቢያነበንብ የሚሰማው የለም። የተክለ ሃይማኖት ማኅበር ይግባ፤ ጠላው ጥሩ ነው። ይህን ከፈጸመ «የተባረከ ልጅ ነው እኮ፣ ከተሜ አይመስልም» ይባልለታል። ጎረቤቱ ያለው እውነተኛ አማኝ፣ ሌሊቱን ሲጸልይ አድሮ ሕመም ቢጠናበት አንድ ረቡዕ ጠዋት ወተት ቢጠጣ፣ የሰፈሩ ወሬ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰባት አጽዋማት አሏት፤ ለምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ቀን ሰው የራሱን ነፍስ እንዲመረምርበት የተሠራ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የጎረቤትን ድስት ለመመርመር ነው።

ከልቧ የምትጾመውን ባልቴት አልነካም። እሷ ቀና ብላ የሰው ማጀት አታይም፤ ጊዜውም የላትም።

ገበያ መሐል ግን ለመምህራችን ነገሩ ይከብዳል። ድንች ሻጩ ዋጋ ሲጠራ እመቤታችንን ይጠራል፤ ገዢው ሲከራከር ሚካኤልን ያመጣል፤ ሁለት ብር ለማስቀነስ አንድ የመላእክት አለቃ ከሰማይ ወርዶ ጆንያ ላይ ይቆማል። በመጨረሻም ሁለቱም ከማሉበት ዋጋ ሌላ ዋጋ ላይ ተስማምተው ይለያያሉ፤ በሐሰት የማለ ግን አንድም ሰው የለም። የማያምነው ሰው የሚምልበት የለውም። «እውነተኛ ዋጋው ይኼ ነው» ብሎ ዝም ቢል ማን ያምነዋል? ካልማለ ዋሽቷል ማለት ነው። ለማኝ ሲመጣበት ደግሞ የባሰ ነው። ሌላው ሰው «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ብሎ ዕዳውን ወደ ላይ አሳልፎ መንገዱን ይቀጥላል። ይሄኛው ዕዳውን የሚያስተላልፍበት ስለሌለው ኪሱን ይዳብሳል። ክህደት ውድ ነገር ነው።

አሁን የቅቤ ተራውን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ሴቶቹ ቅቤውን በቅጠል ሸፍነው ፊታቸው ደርድረዋል። ገዢዋ ቅጠሉን ገለጥ ታደርግና በጣቷ ጫፍ ቆንጠር ታደርጋለች። የእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች። ታሸተዋለች። ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው እጇን ወደ ፀሐይ መለስ አድርጋ መልኩን ታያለች። ደግማ ታሸተዋለች። ከዚያ ጣቷ በለመደው መንገድ ወደ ከንፈሯ ጉዞ ይጀምርና መሐል ላይ ቀጥ ይላል።

«ቅመሽው እንጂ እታለም፣ ለጋ እኮ ነው!» ትላለች ሻጪቱ።

«ውይ! ሮብ አይደለም እንዴ? ልታስቺኝ ነው።»

«እንግዲያው አሽትተሽ ውሰጂዋ። እኔ ቅቤ አላበላሽም፣ በማርያም!»

አስተውሉ፤ ማር ሻጩ ይህ ዕድል የለውም። ማር የጾም ነውና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ገዢ ሁሉ ጣቱን እየነከረ ይልሳል፤ ስኳር ቢገባበት እዚያው ይያዛል። ቅቤ ግን የተጠበቀ ዕቃ ነው። በዓመት ውስጥ ካሉት 52 ረቡዖች ቅቤ በነፃነት የሚቀመሰው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሰባቱ ላይ ነው፤ ገና ወይም ጥምቀት ረቡዕ ከዋለ አንድ ይጨመራል። በቀረው ጊዜ ሁሉ አፍንጫ ብቻውን ይፈርዳል። ቅቤ ከሙዝና ከረጋ ዘይት ጋር ተለውሶ መሸጡን፣ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት መነስነሱን ሰምቶ የማያውቅ የኢትዮጵያ ሸማች የለም። የሮብ ገበያ ሴቶች ይህን ያደርጋሉ አላልሁም፤ እንዲያውም የጮቄ ቅቤ የሚታማ አይደለም። እኔ የምለው፣ የሚያደርግ ሰው ቢኖር ከረቡዕ የተሻለ ቀን አይመርጥም ነው። ደባልቆ የሸጠውም ሰው ቢሆን ጾመኛ ነው፤ ከሸጠው ቅቤ አንዲት ጠብታ አልቀመሰማ!

ስለዚህ ለወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። በየሳምንቱ ቅቤ ተራ የሚቀመጥ አንድ የታወቀ ከሃዲ ይቀጠር። ወንበር፣ ማንኪያና ጥላ ይሰጠው። ሥራው መቅመስና እውነቱን መናገር ብቻ ነው፤ መማል አይጠበቅበትም። ሙስሊሙ አለልን አይደል የሚል አይጠፋም። አለ፤ ረመዳን ሲገባ ግን እሱም ከንፈሩን ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ምላሱ ከሥራ የማይቀር ከሃዲው ብቻ ነው። አመልካቹ ሃይማኖት እንደሌለው የሚገልጽ ማስረጃ ከንስሐ አባቱ ያቅርብ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሥራው ክፍት ሆኖ እንደሚቀር ግን አትጠራጠሩ፤ ለቦታው ብቁ የሆነው ሰው ሁሉ ረቡዕ ይጾማል።

ከሃዲ የሚል ቃል ሲነሣ «ደርግ የጨረሰን አነሰ?» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። አጽማቸው ወጥቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚህ አይቀለድም። ነገር ግን የዚያን ዘመን ካድሬ የሚያስታውስ ሰው በሌላም ነገር ይስቃል። ቀን ስብሰባ ላይ ፈጣሪ የሚባል የለም ብሎ ያስተምርና ማታ ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሣ ነበር ይባላል። ያኔ የማያምን መምሰል ያሾም ነበር፤ ዛሬ የሚያምን መምሰል ያስከብራል። ጋቢው ያው ነው፣ ተገልብጦ ተለበሰ። ባለጋቢው አንዱንም ጊዜ አልበረደውም።

የዕውቀት አባት ለሚፈልግ መምህር ደግሞ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ አለለት። መጽሐፉን የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ጻፈው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጣው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ማንም ይጻፈው፣ አገሩን ያውቃል። ባለታሪኩ እንፍራዝ ተቀምጦ፣ የጾምን ሥርዓት ከፈጣሪ ሳይሆን ከሰው የመጣ ነው ብሎ ከራሱ ጋር ከጨረሰ በኋላ፣ ከሰው መካከል ሲሆን ክርስቲያን መስሎ እንደሚኖር ይነግረናል። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው በፈጣሪ ያምናል! አምኖም ከማስመሰል አልዳነም። ጎጃም ውስጥ ፈጣሪን በይፋ ወቅሶ የሚጨበጨብለት ባለቅኔ ብቻ ነው፤ እሱም በግዕዝ፣ ያውም በሰም ሸፍኖ።

የመምህራችን ኑሮስ እንዲህም ሆኖ ያልፋል። ሞቱን ምን ያድርገው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነት ሰጥቶታል። ማግባት ቢፈልግ በማዘጋጃ ቤት ይፈራረማል። መሞት ቢፈልግ ግን አንቀጽ አልተጻፈለትም። በገጠሩ ጎጃም መቃብር ማለት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ሙስሊሙ የራሱ አለው። ጴንጤዎች በየአገሩ ለቀብር መሬት ስንት ዓመት ደጅ እንደጠኑ የምናውቀው ነው፤ እነሱ እንኳ የሚዘምሩበት አምላክ አላቸው። ቀባሪው ሬሳውን ተሸክሞ ቅጥሩ ደጅ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «የንስሐ አባቱ ማን ናቸው?» ነው። መልስ ከሌለ ፍትሐት የለም። እናት አስክሬን አጠገብ ቆማ ካህን ትለምናለች። ስለዚህ ብልህ ከሃዲ ንስሐ አባቱን በጊዜ ይይዛል፤ በየበዓሉ ይጠራቸዋል፣ እግዜር የለም የሚለውን ኃጢአት ብቻ እየዘለለ ይናዘዛል። ካህኑም ከልባቸው ይፈቱታል። ከሁለቱ የተዋሸው ማን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል፤ ማንኛውንም ሰው ለዚህ ያበቃ ሥርዓት ግን ሃይማኖትን ጠበቅሁ ብሎ ባይኩራራ ጥሩ ነበር።

ለማዘጋጃ ቤቱ አንድ ልመና አለኝ። ከባሕር ዛፉ ማዶ ሃይማኖት የማይጠየቅበት ጥቂት መሬት ይከለል፤ አጥርም አያስፈልገው። መሬት ከጠፋ ደግሞ፣ እናንተ የዕድር ዳኞች፣ ያ መምህር ሲሞት ስለ ማተቡና ስለ ረቡዕ ቁርሱ አትጠይቁ። ድንኳኑን ትከሉ፣ ቆፍራችሁ ቅበሩት። የዕድር መዋጮውን አንድም ወር አላጓደለም።