ፈጣን ስማሽ ለማስተማር ለቸኮሉ

አዲ አርቃይ ላይ የመረብ ኳስ ቡድን ተረክበው ልጆቹን ፈጣን ጥቃት ለማስተማር ከቆረጡ እንኳን ደስ አለዎት። ከጎንደር ተነስቶ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ እዚህ የደረሰ ሰው ከእንግዲህ የሚያስፈራው ነገር የለም። ከኳስ ቅበላ በቀር።

የመጀመሪያው ሥራዎ ከኳስ ጋር አይገናኝም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እየተባለ ያደገን ልጅ ኳሷ ሳትነሳ ዝለል ሊሉት ነው። እቤት ተራህን ጠብቅ፣ ክፍል ውስጥም ተራህን ጠብቅ ተብሏል፤ እርስዎ ደግሞ መጥተው አትጠብቅ ይሉታል። ወላጅ መጥቶ ቢያነጋግርዎት አይደንግጡ።

ቀጥለው መረቡን ይለኩ። ደንቡ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ይላል። የሚለካው መሐሉ ላይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ከዚያ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊበልጥ አይገባም። በሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች መካከል በገመድ የታሰረ መረብ ግን ይህን ደንብ አላነበበም፤ መሐሉ ይረግባል። ፈጣን ጥቃት የሚካሄደውም በአብዛኛው መሐል ላይ ስለሆነ ሁሉም ልጅ በአጭር ጊዜ የተዋጣለት አጥቂ ሆኖ ያገኙታል። ደስታው ካስጎመጀዎት ይተዉት። ውድድር መጥቶ የተወጠረ መረብ ሲገጥማቸው ማብራሪያውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

«ፈጣን» ሲሉ ልጆቹ ምሩጽ ይፍጠርን ያስባሉ። ማርሽ ቀያሪው እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም የወሰደው መጨረሻው ላይ ተፈትልኮ እየወጣ ነው። የእኛ ነገር ተቃራኒው ነው፤ ፍጥነቱ መነሻው ላይ ነው። ተራውን ስማሽ የሚመታ ልጅ ኳሷ ወደ ላይ ስትወጣ አይቶ፣ ለክቶ፣ ተንደርድሮ ይዘላል። ፈጣኑን የሚመታው ግን ኳሷ ሴተሩ እጅ ስትገባ እሱ አየር ላይ ነው። ሴተሩ ከመረቡ አናት ጥቂት ስንዝር ብቻ ከፍ አድርጎ እጁ ድረስ ያመጣለታል። ክንድን ወደ ኋላ ስቦ ለመወንጨፍ ጊዜ የለም፤ በእጅ አንጓ ጠብ ማድረግ ነው።

ይህን በቃል ለማስረዳት አይድከሙ። አግዳሚ ወንበር ላይ ቆመው ኳሷን ከመረቡ በላይ ይያዙላቸውና እየዘለሉ ከእጅዎ ላይ ይምቷት። ጣትዎን ስለሚያገኙት ይህ የትምህርቱ ክፍል ለአሰልጣኝ ትሕትና በጣም ይጠቅማል። ከዚያ ሲዘሉ ይወርውሩላቸው። ሴተሩን የሚያስገቡት በሦስተኛ ደረጃ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ከአጥቂው ጋር ካገናኟቸው «አዘገየህ»፣ «ቀደምክ» የሚለውን ክርክር የሚዳኝ ሽማግሌ መፈለግዎ ነው።

ልጆቼ አጫጭር ናቸው ካሉም ጃፓኖች መልስ አላቸው። አሰልጣኝ ያሱታካ ማትሱዳይራ ረጃጅሞቹን አውሮፓውያን በቁመት እንደማይደርስባቸው ስላወቀ ቡድኑን በፈጣን ጥቃትና በማታለያ ዝላይ ገነባ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ብር፣ በ1972 ሙኒክ ላይ ወርቅ አገኙ። ሙኒክ ላይ በግማሽ ፍጻሜው በቡልጋሪያ 2 ለ 0 ተመርተው 3 ለ 2 አሸንፈዋል። (ምሩጽ በ10 ሺህ ነሐስ አግኝቶ ለ5 ሺህ ማጣሪያው ሳይደርስ የቀረውም በዚያው ኦሊምፒክ ነው። በሰዓት ስለ መገኘት ለልጆቹ ምሳሌ ከፈለጉ ሩቅ አይሂዱ።)

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ፈጣን አጥቂ ብዙውን ጊዜ የሚዘለው ኳስ ሳያገኝ ነው። እሱ ሲዘል የባላጋራው የመሐል ተከላካይ አብሮት ይዘላል፤ ኳሷ ግን ወደ ዳር ትሄዳለች። ዳር ያለው ልጅ የሚገጥመው አንድ ሰው ብቻ ይሆንና ስማሹን ይጥላል፤ ጭብጨባውም የእሱ ነው። ስለዚህ ለዚህ ቦታ ረጅሙን ወይም ጉልበተኛውን ትተው የማያኮርፈውን ይምረጡ። በሠርግ ቤት ድንኳን ሲተክል አድሮ ፎቶው ላይ የሌለ ልጅ ካወቁ፣ እሱን ያስጠሩት። እንዲህ ያለ ልጅ ካላገኙ ደግሞ ለሁሉም ኳሷ ለእነሱ እንደምትመጣ ይማሉላቸው፤ ባላጋራው የሚታለለው ዘላዩ ራሱ ሲያምን ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሰርቩን የተቀበለው ልጅ ኳሷን ሴተሩ እጅ ላይ ሲያደርሳት ነው። ቅበላዋ ከ3 ሜትሩ መስመር ወደ ኋላ ከቀረች ፈጣን ጥቃት የሚባል ነገር አይታሰብ፤ ሴተሩ ሮጦ ይድረስባትና ከፍ አድርጎ ለዳሩ ልጅ ይስጥ። ዘሎ የወረደውን ልጅ «አይዞህ» ይበሉት። የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ሙሉ ቅበላ ብቻ ያሠሩ፤ ስማሹን በሁለተኛው ይጀምሩ።