ማሽን ፍለጋ በካርቱም

ወሬውን ያመጣችው ዴም ሰፈር ቡና የምታፈላው ጎረቤታችን ናት። «ባሕሪ ውስጥ ሱስን ከጭንቅላት የሚያወጣ ማሽን አለ አሉ፤ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ» አለችን።

የአክስቴ ልጅ ርክሻ እየነዳ ነበር የሚያድረው፤ ጊዜው ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት ነው። ሱዳኖች ኸርሻ ከሚሏቸው ክኒኖች የኦፒየም ቤተሰብ የሆነውን ትራማዶልን የቀመሰው ሌሊቱን ነቅቶ ለመሥራት ነበር። እያደር ግን ካልወሰደ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። በዚያ ሰሞን መሪውን እንደያዘ ተንዘፍዝፎ ወደቀ። ትራማዶል ሲበዛ እንደሚጥል የነገረን ሰው አልነበረም።

ወደ ባሕሪ ለመሄድ ጥቁር ዓባይን ስንሻገር ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ተነሳ። ከጣና የወረደው ውኃም፣ ድልድዩም ከዓይናችን ተሰወረ። ሹፌሩ አልነዳም አለ። ነጠላ ተከናንበን፣ አሸዋ እያኘክን፣ በር እያንኳኳን ጠየቅን፤ ማሽኑን የሚያውቅ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ አንድ መድኃኒት ሻጭ ወደ ነርቭ ክሊኒክ መራን። እዚያም መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጠበቅን።

በመጨረሻ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ተለጠፈለት። ወረቀቱ ላይ መስመሮች ሲግተለተሉ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ወጣልኝ?» ሲል ጠየቀ። ሽማግሌው ባለሙያ እጁን ያዙት፤ «ያ ወለዲ (ልጄ)፣ ይህ የአንጎልህን ሞገድ ያነባል እንጂ ምንም አያወጣም» አሉት።

ጎረቤታችን ግን ከባዶ አልተነሳችም። የአንጎል ሞገድን አይቶ የማሠልጠን ሕክምና በእርግጥ አለ። ሽቦው ያው ነው፤ ልዩነቱ፣ የሚፈለገው ሞገድ ሲበረታ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ይንቀሳቀሳል፣ ወይም ድምፅ ይሰማል። አንጎልም ያንን ሽልማት እየተከተለ ራሱን መግራት ይለማመዳል። ባሪ ስተርማን የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ያሠለጠናቸው ድመቶች የሚያንዘፈዝፍ መርዝ ሲሰጣቸው ከሌሎቹ በተሻለ ተቋቁመውታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢራናውያን ጥናት ደግሞ 20 የኦፒየም ቤተሰብ ሱሰኞችን ይዞ፣ ግማሾቹን ከመድኃኒታቸው ጋር 30 ጊዜ አሠለጠነ። የሠለጠኑት አምሮታቸው ቀንሷል። ሃያ ሰው ጥቂት ነው፤ ሥልጠናውም የተሰጠው በመድኃኒት ላይ ተደርቦ እንጂ በመድኃኒት ፈንታ አይደለም።

ማሽኑ ባይገኝም፣ ሱዳን የታላቁ የአእምሮ ሐኪም የቲጃኒ አል ማሂ አገር ናት። እኚህ ሰው ከባህል ሐኪሞች ጋር ተቀምጠው መክረዋል፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ የሉዓላዊነት ምክር ቤት አባል ነበሩ። በሽተኛን ከነቤተሰቡና ከነእምነቱ ማየትን ያስተማሩ ናቸው። የእኛንም ልጅ የረዳው ይኸው መንገድ ነው፦ ክኒኑን በአንድ ቀን ሳያስጥል በጥቂት በጥቂቱ የቀነሰለት ሐኪም፣ በየሌሊቱም አጠገቡ የተቀመጠች እናት።

የኦፒየም ቤተሰብ ሱስ የሚታከምባቸው ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ለኛ ልጆች ሊደርሷቸው ይገባል፤ ሥልጠናውም ቢሆን ማስረጃው ሲጠነክር እሰየው። እስከዚያው ልጃችሁን «ሱሰኛ» ብላችሁ አትደብቁት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ክኒኑን የለመደ አንጎል ሌላም ነገር መልመድ ይችላል።