የመርከብ ፎጣዎችን መብትና የተሳፋሪዎችን አስተያየት ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወንበር ያገኘህም፣ ፎጣህን ወክለህ ቁርስ ላይ የተቀመጥክም፣ ሊፍት ደጃፍ የቆምክም ስማ!

አዋጅ ቁጥር 30/2017

የመዝናኛ መርከቦች ከዓመት ዓመት እየገዘፉ በመሄዳቸው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1912 ዓለምን ያስደነቀችው ታይታኒክ 46,328 ቶን ተብላ ስትመዘገብ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ የመንገደኞች ጉዞዋን የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 248,663 ሆና በመገኘቷ፤ ይህም ቁጥር የክብደት ሳይሆን የውስጥ ስፋት ልኬት በመሆኑ፣ ስፋት ከጨመረ ደግሞ መቀመጫ ይጨምራል ብሎ የሚያስብ የዋህ ሰው በመኖሩ፤

እንዲህ ያለች መርከብ እስከ 7,600 ተሳፋሪ የምትይዝ፣ አስተያየትም በዚያው ልክ የምትጭን በመሆኗ፤

ይህን አዋጅ ያስወጣችው መርከብ ከእርሷ ያነሰች፣ ስሟም እዚህ የማይነሣ ብትሆንም፣ በፎጣ ጉዳይ ከማንም እንደማታንስ በአክስቴ ዓይን ስለተረጋገጠ፤

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «ገነት ናት»፣ ሌላው «ውኃ ላይ የተጣለ ሞል ናት»፣ ሦስተኛው «የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር»፣ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ደርሼ እመለስ ነበር» እያሉ መደማመጥ በመጥፋቱ፤ ነገሩ ሲመረመር ግን ጠቡ የመርከቧ ሳይሆን የወንበር ሆኖ ስለተገኘ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የፎጣ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

(ሀ) «ተሳፋሪ» ማለት ከፍሎ የተሳፈረ፣ ከተሳፈረም በኋላ መክፈሉን ያላቆመ ሰው ነው፤

(ለ) «ወንበር» ማለት በመዋኛው ዙሪያ ተደርድሮ ሰው ተንጋሎ ፀሐይ የሚሞቅበት ነው፤ የመመገቢያ አዳራሹን ወንበር አይጨምርም፤ እሱን የሚሻማው የለም፤

(ሐ) «ፎጣ» ማለት በተሳፋሪ ካርድ ተመዝግቦ የሚወሰድ፣ ካልተመለሰ ከ20 ዶላር በላይ የሚያስከፍል፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው፣ መርከቧ ላይ ካለው ሁሉ ረጅሙን እረፍት የሚያገኝ ጨርቅ ነው፤

(መ) «አክስቴ» ማለት አክስቴ ናት።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

መርከቧ የምትነሣው ከፍሎሪዳ ነው። ከኋላዋ ላይ የተጻፈው «ናሶ» ነው፤ ባንዲራዋም የባሃማስ። ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ፊሊፒናዊ፣ ሾርባ የሚያቀርበው ኢንዶኔዥያዊ። እኛ ከቨርጂኒያ የመጣን፣ ባሕር የሌላት አገር ልጆች። ባለመርከቦች እንዲህ ያለ ባንዲራ የሚያውለበልቡት ግብሩም የሠራተኛ ሕጉም ስለሚቀልላቸው እንደሆነ አገር ያወቀው ነው። የማንም ሕግ ደፍሮ በማይገባበት ቦታ የእኔ አዋጅ ቢጨመር የሚቀየም አይኖርም።

4. ስለ አስተያየት ነጻነትና ስለ ወንበር ምዝገባ

ማንኛውም ሰው ስለ መርከቧ የመሰለውን የመናገር መብት አለው። ሆኖም የመንግሥት ተሿሚ ሀብቱን እንዲያስመዘግብ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 እንደተደነገገው ሁሉ፣ ስለ መርከብ አስተያየት የሚሰጥ ሰውም አፉን ከመክፈቱ በፊት በራሱ፣ በትዳር ጓደኛውና በልጆቹ ስም የያዛቸውን ወንበሮች ብዛት፣ ፀሐይ ወይም ጥላ ላይ መሆናቸውንና ከአይስክሬሙ ማሽን ያላቸውን ርቀት ያሳውቃል።

ሳይመዘገብ የተነገረ «ኧረ ምንም አይጨናነቅም!» የሚል አስተያየት እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ በተለይ እራት ላይ ከጎናችን ለሚቀመጠው ሰው የወጣ ነው። ሰውየው የታማኝ ደንበኛ ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ሥጋውን እየቆረጠ፣ «ይህን ያህል ሕዝብ ያለበት አይመስልም እኮ፤ ወንበር እንደ ልብ ነው» ይላል። ባለቤቴ ጠረጴዛ ሥር እግሬን ባትረግጠኝ ኖሮ ምዝገባው እዚያው ይጀመር ነበር።

መስኮት የሌለው ክፍል የደረሰው ተሳፋሪ ሌሊትና ቀን ስለማይለይለት፣ አስተያየቱ በማንኛውም ሰዓት ይደመጣል።

5. ስለ ወንበርና ፎጣ

(1) ባለቤቱ የሌለበት ወንበር ላይ የተቀመጠ ዕቃ ከ30 ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ፣ ወንበሩ ለሌላ ተሳፋሪ ይሰጣል። ይህ የእኔ ሕግ አይደለም፤ የመርከቧ ነው፤ በየምሰሶው ተለጥፏል። የእኔ ድርሻ ሥራ ላይ ሲውል ያየሁትን እንዳለ መጻፍ ብቻ ነው።

(2) ከላይ የተጻፈው በሚከተሉት ላይ ተፈጻሚ አይሆንም፤

(ሀ) በፎጣ ላይ፤

(ለ) ፎጣው በበቀቀን ቅርጽ በተሠራ መቆንጠጫ ከወንበሩ ጋር ከተያያዘ፣ በልጅ ልጅም ቢሆን አይነሣም፤

(ሐ) ፎጣው ላይ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ ካለ፣ ባለቤቱ በሌላው እግሩ እያነከሰ በመምጣት ላይ እንዳለ ይገመታል፤ ግምቱ እስከ እራት ሰዓት ይጸናል፤

(መ) ተገልብጦ የተቀመጠ መጽሐፍ ካለ፣ ወንበሩ በንባብ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ጉዞው እስኪያልቅ ከዚያ ገጽ ፈቀቅ ባይልም አንባቢ በጊዜ አይገደድም፤

(ሠ) ግማሹ ያለቀ የፀሐይ ቅባት ካለ፣ ቀሪው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤

(ረ) ባለፎጣው ከመርከብ ወርዶ ኮዙሜል ደሴት ላይ የባርኔጣ ዋጋ እየተከራከረ ቢሆንም፣ በሕግ ፊት ወንበሩ ላይ እንደተኛ ይቆጠራል፤ ፎጣው ስለ እርሱ ፀሐይ ይሞቃል።

(3) በንዑስ አንቀጽ 2 የተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች ነጠላን አይጨምሩም።

ይህ ንዑስ አንቀጽ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

አክስቴ በፍልሰታ ነው የተሳፈረችው። ልጆች ትምህርት ሳይጀምሩ ብለን ቀኑን የቆረጥነው እኛ ነን፤ እሷ «ባሕርም የእግዜር ነው» ብላ ጾሟን ይዛ መጣች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ዳዊቷን ይዛ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መዋኛው ፎቅ ትወጣለች። እዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው እስከ አገጩ ፎጣ ታቅፎ በየወንበሩ ሲያነጥፍ አገኘችው። ጫፍና ጫፉን ያስተካክላል፤ በቀቀኑን ይቆነጥጣል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። «ሰው ሳይነሣ ለሁሉም የሚያነጥፍ! እንዲህ ነው እንጂ ሠራተኛ» ብላ እጇን ዘርግታ መረቀችው። እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ምርቃቱን ተቀበለ።

እራት ላይ ከጎናችን የሚቀመጠው ሰውዬ ነው።

መርከቧ ወደብ በማትነካበት ቀን ረፋድ ላይ አክስቴ እንደ ምንም ጥላ ያለበት ወንበር አገኘች። መነጽሯን ረስታ ስለነበር ነጠላዋን አራት አጥፋ፣ ጥለቱን ወደ ውጭ አድርጋ ወንበሩ ላይ አኖረችና ወደ ክፍሏ ወረደች። ስትመለስ ነጠላው የለም። ወንበሩ ላይ ሰማያዊና ነጭ ፎጣ ተነጥፏል። በግራዋም በቀኝዋም ሰው የሌለበት ፎጣ ዓይን እስኪደክም ተሰልፏል፤ ጠዋት በጨለማ እንደተነጠፈ ነው፤ አንዱም አልተነካ።

ስለዚህ ታውጇል፤

(ሀ) ነጠላ 30 ደቂቃ ሳይሞላም ሊነሣ ይችላል፤

(ለ) ነጠላ የለበሰችው ሴት ሰባ ዓመት ያለፋት መሆኗ፣ መጾሟ፣ ሊፍት መጠበቋ ሰዓቱን አያስቆመውም፤

(ሐ) የተነሣው ነጠላ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ ከልጆች የዋና መነጽርና ከአንድ ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር በክብር ይቀመጣል፤

(መ) ነጠላው ስለተነሣለት ወንበሩን የያዘው ፎጣ፣ ከላይ በንዑስ አንቀጽ 2 የተሰጠው መብት ሁሉ ይጠበቅለታል፤

(ሠ) እ… ለ(ሠ) ሌላ ድንጋጌ ተዘጋጅቶ ነበር። ተውኩት። ምን ይባላል እንግዲህ? በፀሐይ የነጣ፣ ባለቤት የሌለው የመርከብ ፎጣ መቶ ሲሆን ማንም አላየውም፤ አንዲት ነጠላ ስትሆን ግን ደንቡ ከእንቅልፉ ነቃ! አንተ ሰውዬ፣ አንተ ባለ በቀቀን፣ ምርቃቷን ስትቀበል አላፈርክም?

(4) ነጠላውን ያነሣው የመዋኛው ሠራተኛ ልጅ ክስ አይቀርብበትም። እሱ የቱን እንደሚያነሣ ያውቃል። ፎጣ ቢያነሣ ባለፎጣው አለቃ ይጠራበታል፤ ጩኸቱም በስሙ ይጻፍበታል። የነጠላ ባለቤት ግን አትጮህም። ደንብ ማስከበሩን የሚያሳይበት አንድ ነገር ፈለገ፤ የማይጮኸውን መረጠ። የዓለም ሥራ ድርጅት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ያወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ መርከበኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ77 ሰዓት ያላነሰ እረፍት ያግኝ የሚል መለኪያ አለው። የሳምንቱን ሰዓት አስቡና ቀንሱ፤ የሚቀረው 91 ነው። እንዲህ እየሆነ ኮንትራቱ ለወራት ይዘልቃል። ያጠበውና ያጠፈው ፎጣ ግን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ተንጋሎ ይውላል፤ ተነሥ የሚለው የለም።

(5) በዚህ አንቀጽ የአክስቴ አስተያየት ከምዝገባ ነጻ ነው። ነጠላዋን ይዘን ስንመለስ እኔ አለቃ ጥሩልኝ እያልኩ እፎክራለሁ፤ እሷ ግን «ተው አንተ ልጅ፣ ነፋስ እንዳይወስድብኝ ብለው እኮ ነው ያነሡልኝ። እይ አስተጣጠፋቸውን!» አለችኝ። በእርግጥም ጥሩ አድርገው አጥፈውታል። «እትዬ፣ ወንበርሽን እኮ ነው የነጠቁሽ» ብላት፣ «ወንበሩ የኔ ነበር እንዴ?» አለች። ለዚህ መልስ የሚሆን ድንጋጌ አልተገኘም።

6. ስለ ሊፍት

ይመጣል።

7. ስለ ጾም ምግብ

ሰላጣ አለ። ሰላጣው ላይ አይብ አለ። አይቡ ይነሣል።

8. ስለ ጉርሻ

በቀን በነፍስ ወከፍ ከ15 ዶላር በላይ በራሱ ጊዜ ይቆረጣል። በቡናው ሒሳብ ላይ ይደገማል። ከሒሳቡ በታች «ተጨማሪ ጉርሻ» የሚል ክፍት ቦታ ይኖራል።

9. ስለ ወደብ ነዋሪዎች

ተሳፋሪ ያልሆኑም አስተያየት አላቸው። በቬኒስ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት ለፊት እንዳያልፉ ተከልክሏል። የቬኒስ ሰዎች ከተማቸው ላይ ፎጣ ሲነጠፍ አይተው ሳይሆን አይቀርም።

10. ስለ ቅጣት

በዚህ አዋጅ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ባለፎጣ፣ የያዛቸው ወንበሮች ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲተኛ ይደረጋል።

11. ስለ መጠይቅ

በመጨረሻዋ ምሽት ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ ፎጣ ጠቅልሎ ዝሆን ሠርቶ፣ የአክስቴን መነጽር አድርጎለት አልጋዋ ላይ አስቀመጠ። አክስቴ እስክታለቅስ ሳቀች። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በኢሜይል መጠይቅ እንደሚደርሰን ነገረን። «ከ10 በታች ከሆነ ለእኛ እንደ ዜሮ ነው» አለ።

መጠይቁ ደረሰኝ። ስለ ምግቡ ይጠይቃል፤ ስለ ትርኢቱ፣ ስለ ክፍሉ ንጽሕና፣ ስለ ሠራተኞቹ ፈገግታ ይጠይቃል። ስለ ወንበር አንድም ጥያቄ የለም። እኔ ደግሞ ንዴቴን ይዤ ተቀምጬአለሁ፤ «በአጠቃላይ መርከቧን እንዴት አገኟት?» በሚለው ላይ 4 ብሰጥ፣ ያቺ 4 ማን ጋ ሄዳ እንደምታርፍ አላውቅም። ባለ በቀቀኑ ጋ እንደማትሄድ ግን አውቃለሁ። እሱ ይሄኔ 10 ሰጥቷል። አክስቴም 10 ሰጥታለች። ሁለቱ 10ሮች አንድ ላይ ይደመሩና «ተሳፋሪዎቻችን ረክተዋል» ይባላል።

ስለዚህ ወንበርን አስመልክቶ የሚቀነስ ማንኛውም ነጥብ ክፍል ከሚያጸዳ፣ ሾርባ ከሚያቀርብ፣ ፎጣ ከሚያጥፍ ሰው ላይ አይቀነስም።

12. የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች

በየምሰሶው የተለጠፈው ማስታወቂያ ተሽሯል። ቀድሞም አልነበረም።

13. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከነገ ሌሊት 11 ሰዓት ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ፎጣ ከመነጠፉ በፊት የጸና ይሆናል።

እስከዚያው መርከብ የምትሳፈሩ ወገኖች ሆይ፤ መጠይቁ ሲደርሳችሁ ክፍል ላጸዳላችሁ ልጅ 10 ስጡት፤ የወንበሩን ነገር ከታች ባለው ባዶ ሳጥን ውስጥ ለባለመርከቡ ጻፉለት፤ በአማርኛም ቢሆን።