በሬውስ ይፈታል

አምባ ጊዮርጊስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጉሙ ገና አልገፈፈም። ወደ ደባርቅ የሚወጣውም ወደ ጎንደር የሚወርደውም መንገደኛ ብርዱን ለማስታገስ ሻይ ቤት ጎራ ይላል። እኔም ጎራ አልኩ። አስተናጋጇ ሻይ ስትቀዳልኝ ቆማ ዓይኗ ተከደነ። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ልጅቷ በርግጋ ነቃች፣ ብርጭቆው መሬት ወርዶ ደቀቀ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» አሉ ባለቤቱ ከባንኮኒው ጀርባ። «ከደሞዝሽ ይቆረጣል!»

«ጋሼ፣ መች ቸኮለች? ደከማት እንጂ» አልኳቸው። «የቸኮለስ አፍሶ ይለቅማል፤ የደከመ ግን አፍሶም መልቀሚያ አቅም የለው። ለመሆኑ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትሠራው?»

«ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3። ምን ጎደላት? ከብርድ ተጠልላ፣ በልታ ጠጥታ!»

«እሑድስ?»

«እሑድማ ሰው የሚበዛበት ቀን አይደል!»

ጣቴን አውጥቼ ቆጠርኩላቸው። በቀን 15 ሰዓት፣ በሰባት ቀን 105 ሰዓት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ ይላል። የሁለት ሠራተኛ ቢደመር 96 ነው። «ልጅቷ የሁለት ሰው ሰዓት ሠርታ 9 ሰዓት ምራቂ ጨምራለች፤ ደሞዙስ የስንት ሰው ነው?»

«ያ ትርፍ ሰዓት ነዋ!»

«ትርፍ ሰዓትማ ለድንገተኛና ለአስቸኳይ ሥራ ነው፤ እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያውም ቀን ላይ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ሳይከፈልበት የቀረ ትርፍ ሰዓት ለእርስዎ ትርፍ፣ ለእሷ ኪሳራ ነው።»

ከጥግ የተቀመጠ የሚኒባስ ሹፌር ሳቀ። «ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ሥራን ጠላት አደረግከው። እኔ ከትናንት ንጋት ጀምሮ መሪ ላይ ነኝ፤ ይኸው ምን ሆንኩ?»

«አረቄ ቀምሰህ ትነዳለህ?»

«ኧረ በጊዮርጊስ! በአፌም አይዞር!»

«የእንቅልፍ ተመራማሪዎች እንደሚሉት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይፈዛል፤ እጁም ይዘገያል። አንተ አረቄ ባትጠጣ እንቅልፍ ማጣቱ አንተን ጠጥቶሃል። በዚህ ጉም ከኋላህ የሚሳፈረው ሁሉ ነፍሱን የሚሰጠው ለዓይንህ ነው፤ ዓይንህን አሳርፈው!»

ሹፌሩ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዝም አለ።

«የደጋ ሰው ሥራ አይገድለውም» አሉ ባለቤቱ።

«ልብ ደጋ ቆላ አይመርጥም፣ ጋሼ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ በዚሁ ሰበብ 745 ሺህ ሰው ሞቷል። የ55ቱ እንዲህ ከሆነ የ105ቱን እርስዎ ይንገሩኝ።»

ይሄኔ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀና አሉ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ባለቤቱን፤ «መሬት የምንለካው በምንድን ነው? በጥማድ። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው። አባቶቻችን መሬቱን ሲለኩ የበሬውን አቅም ለክተዋል። በሬ ሲደክም ይፈታል። እሑድ አይጠመድም። ወር በገባ በ23 አይጠመድም። ሰማዕቱ ስሙን በሰጣት ከተማ፣ በስሙ ቀን በሬ አርፎ ይቺ የሰው ልጅ ቆማ ትዋል?»

«አባባ፣ እናንተን ድሃ ያደረጋችሁ ይኸው በዓል ማብዛት አይደል!»

«የእኛ ድህነት ከበሬ ዕረፍት ከመጣ፣ አንተ ሰባቱንም ቀን የምታሠራው ፎቅህ የታለ?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቱም ፈገግ አሉ፤ ግን እጅ አልሰጡም። «ለሁለተኛ ሠራተኛ የምከፍለው ከየት ላምጣ?»

«ከኪሳራዎ ያምጡት» አልኳቸው። «የተሰበረው ብርጭቆ፣ የተደፋው ሻይ፣ ጥሎ የሄደው ደንበኛ፣ ታማ የቀረችበት ቀን፣ መሮአት ስትለቅ አዲስ ለማለማመድ የሚያልፈው ወር ሁሉ ይደመር። በሁለት ፈረቃ ቢያደርጉት ጠዋትም ማታም ነቅታ የምትቀዳ ልጅ ይኖርዎታል። ለሳምንቱ ዕረፍትማ የእርስዎ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሳይቆራረጥ 24 ሰዓት ሕጉ ሰጥቷታል።»

ባለቤቱ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሱ። «እሺ፣ ዕረፍት ልስጣት፤ ምን ልትሠራበት ነው?»

ሁላችንም ዝም አልን። ስለ እሷ ስንከራከር አንድም ሰው እሷን አልጠየቀም ነበር። መልሱ የመጣው ከወለሉ ነው።

«ዕረፍት ይሠራበታል እንዴ ጋሼ? ይታረፍበታል እንጂ!»

ትዕዛዝ ስታመላልስ ጊዜ ያጣችለትን ስብርባሪ ጎንበስ ብላ ገና እየለቀመች ነበር።