ምላሴ እንጂ እኔ አይደለሁም

አባቶቻችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲሉ የዘመኑን ወጌሻ አላዩም። ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አለ፤ ጠዋት ወለም ያለውን አፍ አሽቶ ለማታ ዜና ያደርሰዋል። ቅቤውም የታወቀ ነው፦ «አምልጦኝ ነው»፣ «ንግግሬ ተቆራርጦ ቀርቦ ነው»፣ «ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ»። የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ቅር ካልተሰኛችሁ ይቅርታውም የለም።

እኔን የሚደንቀኝ ግን የወለምታው ታማኝነት ነው፤ አቅጣጫ አይስትም። አፉን አዳልጦት ለሠራተኞቹ ደመወዝ የጨመረ አለቃ እስካሁን አልሰማሁም። ሳያስበው ተቀናቃኙን ያመሰገነ ፖለቲከኛም እንዲሁ። ምላስ ሲያመልጥ ሁልጊዜ የሚሮጠው ባለቤቱ ወደ ቆለፈው ጓዳ ነው።

የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን እ.ኤ.አ. በ2010 በምርጫ ቅስቀሳ መሐል፣ ሮችዴል ላይ አንዲት መራጭ በፈገግታ ተሰናብተው መኪና ውስጥ ገቡ። በሩ እንደተዘጋም ሴትዮዋን ጭፍን ጥላቻ ያለባት አሏት። ልብሳቸው ላይ የተሰካው የስካይ ኒውስ ማይክሮፎን ግን አልጠፋም ነበር። ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ማይክሮፎኑ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ምን በደል ነበር? ጥፋቱ የባትሪው ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንም እ.ኤ.አ. በ1984 ለሬዲዮ ንግግራቸው ድምፅ ሲሞክሩ፣ ሩሲያን ለዘላለም የሚያግድ ሕግ መፈረማቸውንና የቦምብ ድብደባው በ5 ደቂቃ ውስጥ እንደሚጀመር አበሰሩ። ቀልድ ነበር። የኑክሌር ጦር የሚያዝ ሰው ቀልድ! ሞስኮ አልሳቀችም፤ ጨዋታ አታውቅማ።

የሁሉም አውራ ግን እንግሊዛዊው የጌጣጌጥ ነጋዴ ጄራልድ ራትነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሮያል አልበርት አዳራሽ ቆሞ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ የንግድ ሰዎች ፊት፣ የገዛ ሱቁን ዕቃ የማይረባ ቆሻሻ አለው። የጆሮ ጌጡ ከሽሪምፕ ሳንድዊች እንደሚረክስ፣ ዕድሜው ግን ከሳንድዊቹ እንደሚያጥርም አከለበት። አዳራሹ ሳቀ። ኩባንያው ወደ 500 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዋጋ አጣ፤ ኋላም ስሙን ቀየረ። ንግግሩ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር፤ ቀልዶቹንም ከዚያ በፊት ተናግሯቸዋል። ቢሆንም ዛሬም ድረስ የአፍ ወለምታ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ወረቀትም ያዳልጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ምላስ ሕጋዊ ሰውነት ይሰጠው እላለሁ። የራሱን መታወቂያ ያውጣ፤ ሲከሰስም ብቻውን ይቅረብ፤ ባለቤቱ ቤቱ ይተኛ። ጭብጨባው ብቻ እንደ ድሮው ለባለቤቱ ይግባ፤ ጭብጨባን እስካሁን «አምልጦኝ ነው» ብሎ የመለሰ የለም።