880ዎቹ የት አሉ?

ጓደኛዬ ጥይት አይወድም። ሠርግ ላይ ተኩስ ከተሰማ የሚገኘው ጠረጴዛ ሥር ነው። የሚወደው ጥይቱ የመጣበትን ሳጥን ነው። የቦምብ ሳጥን፣ የጋሌጣ ቆርቆሮ፣ የጠመንጃ ዘይት ጣሳ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ የጀርመን ጀሪካን፤ ብቻ ጦር የነካው ዕቃ ማሸጊያ ይሁን እንጂ አይመርጥም። ምክንያቱን ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ጠመንጃውን ሰው ይወርሰዋል፣ ይደብቀዋል፣ ይቀባዋል፤ ሳጥኑን ግን ወታደሩ አንድዶ ሻይ ያፈላበታል፤ ስለዚህ ብርቁ ሳጥኑ ነው።

ሚስቱ «የጦር ውራጅ» ስትለው አየር መንገዳችንን ምስክር ይጠራል። እውነቱን ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ መብረር የጀመረው ከአሜሪካ ጦር በተረፉ 5 ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። ሚስቱም ሁልጊዜ የምትመልስለት ያንኑ ነው፦ «እነሱ ግን ሳሎን አላስቀመጧቸውም።»

ማጂ አካባቢ ወዳለችው ቱም የወረድነው የዘመድ ሠርግ ጠርቶን ነው። ከሚዛን ተፈሪ ተነስተን በባቹማና በጀሙ አልፈን፣ ቅጥቅጧ ቆላውን አቋርጣ ወደ ማጂ ደጋ ስትወጣ ጓደኛዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የየደጃፉን ዕቃ ይቆጥር ነበር። ማጂ ለእሱ ተራ ስም አይደለም። እንግሊዞች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርኖልድ ሆድሰንን ቆንስል አድርገው ያስቀመጡበት አገር ነው። በዚያ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ጥይት ራሱ እንደ ሳንቲም ገበያ ላይ ይመነዘር ነበር። «ጥይት ሳንቲም ከሆነ ሳጥኑ ካዝና ነው» አለኝ። ረዳቱ ሰምቶ በጎሪጥ አየን።

ካዝናው ቱም ገበያ ዳር፣ አንዲት እናት ቡና የሚያፈሉበት ዳስ ውስጥ ተገኘ። አረንጓዴ የሶቪየት ሳጥን ነው፤ ከሁለቱ መቆለፊያዎች አንዱ በሽቦ ተተክቷል፤ ውስጡ ከሰል፣ ክዳኑ ላይ ረከቦቱ። ጓደኛዬ ተንበረከከ። ቡና ጠጪዎቹ የሚጸልይ መስሏቸው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«7.62፤ የመትረየስ ነው» ብሎ ትምህርቱን ጀመረ። «880 ፍሬ። ውስጡ ሁለት የታሸጉ ቆርቆሮዎች ነበሩት፣ በእያንዳንዱ 440። መክፈቻውም አብሮ ይመጣል። ይቺ ፊደል ቀለሁ ብረት ነው ትላለች።» ከዚያ በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አውሮፕላኖች ለኦጋዴኑ ጦርነት መሣሪያ ማጓጓዝ እንደ ጀመሩ፣ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ዕቃው በየአገሩ እንደ ተረጨ አስረዳ። ሁሉም በጽሞና አዳመጡት። ከሰል አቀባዩ ብቻ «ታዲያ የት ላድርገው?» እያለ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልሰንዝር። ፈረንጅ ሳጥን የሚሰበስበው ሳጥኑ ጡረታ ስለወጣ ነው። የእኛ አገር ሳጥን ጡረታ የለውም። ሰሜን ላይ የመድፍ ቀለህ ለቤተ ክርስቲያን ደወል ሆኖ ያገለግላል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ በርሜል በሳምንቱ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ጀርመኖች በ1937 (እ.ኤ.አ.) ለጦራቸው ነዳጅ ያወጡት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንማ ዛሬ ቢጫ ፕላስቲክ ለብሶ ከጀርባ አይወርድም። ሦስት እጀታ ያደረጉለት ባዶውን አንድ ሰው በየእጁ ሁለት ሁለት እንዲይዝ፣ ሙሉውን ሁለት ሰው እንዲጋራው ነበር። የቱም ልጃገረዶች ሙሉውን ለብቻቸው ያዝላሉ። ጓደኛዬ እነሱን ዞር ብሎም አላያቸው፤ ማኅተም የላቸውማ።

«እማማ፣ ይሽጡልኝ።»

«ቡናው ገና ነው ልጄ፣ ቁጭ በል።»

«ሳጥኑን ማለቴ ነው።»

«ከሰሌንስ?»

ብር አወጣ። እማማ ብሩን አዩት፣ ከሰሉን አዩት፣ «ይሄ ከሰል ይይዛል?» አሉት።

ሌላ ሳጥን አምጥቶ እንዲለውጥ ተስማሙ። አናጢ ተጠራ። አናጢው የድሮውን ለካ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገና የጣውላውን ጥራት አድንቆ ዋጋውን ጨመረ። አዲሱ ሳጥን ሲደርስ እማማ ዞረው ዞረው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጽሑፉስ?»

«የምን ጽሑፍ?»

«ደንበኛ የሚያውቀኝ በጽሑፉ ነው፤ ‹ጽሑፍ ያለበት ሳጥን ጋ› ነው የሚባለው።»

መርካቶ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሲያይ ሻጩን ሌባ ብሎ የሚሳደበው ሰው፣ በማግስቱ ቱም ላይ ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ተበድሮ የሩሲያ ፊደል ሲገለብጥ ዋለ። እጁ ጎበዝ ነው። ፊት የነበረው በከሰል የጠፋ ስለሆነ የምርት ዓመቱን ከራሱ ጨመረበት። ከእኛ በኋላ ቱም የሚወርድ ሰብሳቢ ካለ ደስታውን ከወዲሁ እጋራዋለሁ።

ስንመለስ ሳጥኑ ፖርቶመጋላ ላይ ተጫነ። ስሙን የማልጠራው አንድ ኬላ ስንደርስ ፈታሹ ቀና ብሎ አየውና ሁላችንንም አስወረደን። ክዳኑ ተከፈተ። ባዶ ነው፤ ከከሰል አቧራ በቀር ምንም የለም። ፈታሹ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይደለም፤ ፊደሉን ባያውቅም ቁጥር ያነባል።

«880 ይላል።»

«ድሮ የነበረው ነው» አለ ጓደኛዬ።

«880ዎቹ የት አሉ?»

ጓደኛዬ የቱሙን ትምህርት እንደገና ጀመረ። ስለ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ሲያስረዳ ፈታሹ «ቆርቆሮም ነበረበት?» ብሎ ጓዱን ጠራ። ስለ መክፈቻው ሲያስረዳ ሦስተኛ ሰው መጣ። ባወቀ ቁጥር እየተጠረጠረ ሄደ። ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጉተመትማል።

በመጨረሻ ከኋላ ወንበር የወረዱ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሰው ገፋ ገፋ አድርገው ቀረቡ።

«ልጄ፣ ጥይቱን ከሆነ የምትፈልገው እኔ ተኩሼዋለሁ። ጅጅጋ ነው ያለው።»

«ሁሉንም ጋሼ?»

«ሁለቱ ከሽፈዋል።»

ፈታሹ አሰበ። የሽማግሌው ቃል ለመዝገብ የሚመች ነበረ መሰለኝ፣ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፣ ገጹን ቀደደ፣ ፈርሞ ለጓደኛዬ ሰጠው፦ «ጥይት የሌለበት የጥይት ሳጥን፣ ብዛት 1፣ ይለፍ።»

ጓደኛዬ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። መኪና ውስጥ ገብቶ አሥሬ አነበበው። በዓለም ላይ ስንት የጥይት ሳጥን ሰብሳቢ ቢኖር፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን የሚመሰክር ሰነድ ያለው እሱ ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። በመስታወት ሊያስገባው፣ ሳጥኑን ከሥሩ ሊያስቀምጠው ወሰነ።

ቀጣዩ ኬላ ላይ በኩራት አሳየ። የዚህኛው ፈታሽ ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«መልስልኝ እንጂ!»

«ዋናው እዚህ ይቀራል።»

ለመነ። ኮፒ ላድርግና ላምጣ አለ። ጭራሽ ወደ ፖርቶመጋላው እየጠቆመ «እሺ ሳጥኑን ውሰደው፣ ወረቀቷን ስጠኝ» አለው።

«ሳጥንማ አለን» አለ ፈታሹ፣ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ እያሳየው።